የሐጃ ተቂያ ጣራ

መናቅ ደመወዝ ቢኖረው ቃኢድ ዛሬ ሰንዓ ላይ የፎቅ ባለቤት ነበር። በመንደሩ በበኒ ገይማ ውስጥ እሱ ያልናቀው ሰው የለም። ሼኹን ይንቃል፣ መምህሩን ይንቃል፣ ጫት ሻጩን ይንቃል፤ ከመንደሩ በታች ያለውን ከተማ «የባለ ሱቆች ጉድጓድ» ይለዋል። የሚንቀው ሲያጣ ደመናውን ይሳደባል። ግን በመናቅ ማን ጠግቦ ያድራል? ስለዚህ ለሆዱ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ለዚያ ተራራ ጫፍ ላይ ለተንጠለጠለ መንደር ኢንተርኔት ይሸጣል።

ጂዳ ውስጥ ዓመታት ሙሉ የሰው ጣራ ላይ ዲሽ ሲገጥም ኖሮ፣ አንድ ቀን ፖሊስ ከመንገድ አፍሶ ድንበር ላይ ጣለው። ወደ ማሕዊት ተራሮች ሲመለስ የመንደሩ ሰው ሻንጣውን ከቦ ወርቅ ጠበቀ። ሻንጣው ሲከፈት ሽቦ ነው። «የቃኢድ ወርቅ ዝጓል» ብለው ሲስቁበት ከረሙ። ያንን ሳቅ አልረሳላቸውም፤ እኔም ብሆን አልረሳላቸውም ነበር። ከታች ከተማ መስመር ገዛ፣ ካንዱ አንቴና ወደ ሌላው አንቴና አዘለለና አመጣው፣ የኔትዎርኩንም ስም «ነሲም» አለው፤ ነፋሻ አየር እንደማለት። መጀመሪያ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ተሳለቁበት። ዓመት ሳይሞላ ያው ሰው ሁሉ መርሺድ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ፣ በጥፍር የሚፋቀውን የቃኢድን ካርድ ይለምን ጀመር። እሱንም «ቃኢድ ነሲም» ብለው ጠሩት። የአባቱ ስም ተረሳ።

እንግዲህ አስቡት፤ ቀድሞውኑ ሰው የሚንቅ ሰው፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር በእጁ ሲገባ ምን ይሆናል? ሆነ። ደንበኛ ደውሎ «ቃኢድ፣ ኔትዎርኩ ቆመ» ሲለው «የቆመው ያንተ ጭንቅላት ነው፤ አጥፍተህ አብራው» ይላል። መምህሩ ከተማሪዎቹ ፊት ሆኖ ቢለምነው «አንተ ያለ ኢንተርኔትም አታስተምርም» አለው። ሰዎቹም ስድቡን ውጠው ካርዱን ይገዙ ነበር። ምን አማራጭ አላቸው? ኩሩ ነን ብለው ወገባቸው ላይ ጩቤ የሚታጠቁ ወንዶች ለእግር ኳስ ጨዋታ ሲሉ ሲሰደቡ ማየት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ጌትነት ግን የቆመው አንድ ነገር ላይ ነበር፤ የአሮጊቷ የሐጃ ተቂያ ጣራ ላይ። ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ ታች ያለውን ከተማ አሻግሮ የሚያየው የሳቸው ቤት ብቻ ነው፤ ሌላውን ቤት ሁሉ ፊት ለፊት ያለው ገደል ይከልለዋል። የቃኢድ አንቴና እዚያ ጣራ ላይ ካለ ቃኢድ ነሲም አለ። ከሌለ ሽቦ የያዘ ሰው ነው። ይህንን እሱም ያውቃል፣ መንደሩም ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ሐጃ ተቂያ ያውቃሉ።

የዚያ ቤት ደረጃ፣ እንደ ማንኛውም የበኒ ገይማ ቤት፣ በሴቶቹ ክፍሎች ደጃፍ እየተጠማዘዘ ነው ጣራ የሚደርሰው። ጣራውም የሴቶች ነው። ልብስ የሚሰጣው፣ ጸጉር የሚታጠበው፣ ሐሜት የሚወቀጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ወንድ የሆነ ሁሉ ያንን ደረጃ ሲረግጥ ገና ከታች ጀምሮ «አላህ፣ አላህ» እያለ ይጣራል፤ ሴቶቹም ሰምተው ወይ ይሸፈናሉ ወይ ገለል ይላሉ። የቤቱ ጌታ ራሱ ሳይጣራ አይወጣም። ያልተጣራ ሰው ሌባ ነው፤ የሚሰርቀው ዕቃ ሳይሆን የሰው ገበና ነው።

ቃኢድ በዚህ ዓለም ላይ የማይንቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ጥሪ ነበር። ገና ቅያሱ ላይ ሳለ ይጀምራል። በየእርከኑ ቆም ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ደግሞ ይጣራል። ጣራው ላይ ሲደርስም አንገቱን ከማቅናቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ ወደ ጎረቤት ጣራዎች ሁሉ ይጮኻል፤ ከዚያ ከፍታ የመንደሩ ሴት በሙሉ ትታያለችና። «ቃኢድ አፉ መርዝ ነው፣ ዓይኑ ግን ንጹሕ ነው» ይላሉ ሴቶቹ። ባሎቻቸው ያላገኙትን ምስጋና እሱ አግኝቶ ነበር።

ሐጃ ተቂያም ጣራቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ቤቱ የልጃቸው የሐዛም ነው፤ ሐዛም ግን ራሱ የእናቱ ነው። ኪራይ አልጠየቁትም። የፈለጉት ማሌዥያ አግብታ የሄደችውን ልጃቸውን ጁሙዓን ዓርብ ዓርብ በስልክ ፊቷን እያዩ ማውራት ነበር። ቃኢድ ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ በራቸው ገርበብ ይልና በሂና የቀላ እጅ ይወጣል፤ የቡና ገለባ በዝንጅብል የተፈላበት ቅሽር በብርጭቆ ደረጃው ላይ ይቀመጥለታል። «ጠጣ አንተ ምላሰ እሬት» የሚል ድምፅ ይከተላል። ከሱ ፊታቸውን አይሸፍኑም ነበር፤ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ያዋሩታል። ቃኢድ ሰውን ሁሉ እየሰደበ ውሎ፣ እዚያች እርከን ላይ ተቀምጦ ያንን ቅሽር ሲጠጣ እንደ ሰው ይሆን ነበር።

ታዲያ ትልቁ ኩባንያ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን መጥራት ማስታወቂያ ነው፣ በነጻ አልሠራለትም። ሙኒፍ የሚባል ወኪል ላከ። ጭቃ ላይ በሚያብረቀርቅ ጫማ የሚራመድ፣ ገና ሰላም ሳይል የሚስቅ፣ እንዲያ ተብሎ የማያውቀውን የበኒ ገይማን ሰው «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን» ብሎ የጠራ ሰው ነው። ለሐዛም ቤት የወንዶች ክፍል ምርጥ ጫት በእቅፍ አስጭኖ መጣ። ጫቱን ሲያዩ ወገኖቼ ቀልባቸው ቀለጠ። ለሳር ራሱን የሚሸጥ ፍየል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ዘመኑ የፍጥነት ነው» አለ ሙኒፍ፣ ትራሱን ተደግፎ።

«ለመሆኑ ምን ላይ ሊደርሱ ነው የሚቸኩሉት?» አለ ቃኢድ ከጥግ። «እዚህ መንደር ከቀትር በኋላ የሚንቀሳቀሰው ጉንጭ ብቻ ነው።»

ሳቁ። መርሺድ ግን አልሳቀም። የቃኢድን ካርድ እየሸጠ ሱቁን ያሰፋው መርሺድ፣ ከሙኒፍ የሲም ካርድ ካርቶን በብብቱ ይዞ ነው የተቀመጠው። «ዝም በል አንተ፤ ያንተ ነሲም ደመና ባየ ቁጥር እንዳኮረፈች ምራት ተጠቅልሎ ይተኛል» አለው።

«ትናንት ካርዴን ስትሸጥ ምነው አልተኛም?»

«ትናንት ሌላ አልነበረማ። ሌላ ከሌለ አህያም ፈረስ ነው።»

ቃኢድ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ። ሙኒፍም ነገሩን ወደ ጣራው አመጣው። ኩባንያው የሐዛምን ጣራ ይከራያል፣ አንቴናውን ይተክላል፣ ለቤቱም ስልክ ሁሉ ነጻ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከኩባንያው ዕቃ አጠገብ የሌላ ሰው ዕቃ አይቆምም።

ሁሉም ቃኢድን አዩ። ቃኢድ ሐዛምን አየ። ሐዛም ጣሪያውን አየና «እናቴን ልጠይቅ» አለ። ጢሙ እምብርቱ ላይ የደረሰ ሰው ነው።

በማግስቱ ቃኢድ ደረጃውን ከወትሮው በላይ እየጮኸ ወጥቶ የሐጃ ተቂያ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ሐጃ፣ ጣራዎን ሊሰጡብኝ ነው?»

«አልሰጠሁም። ይሞክሩት፣ ይታይ ነው ያልኩት።»

«እነዚህ እኮ ዛሬ ስቀው ነገ የሚግጡ ናቸው። እኔ እኮ የእናንተው ነኝ።»

«የእኛው ከሆንክ ታዲያ ጁሙዓ ለምን አፏን እንደከፈተች ትቀራለች? ባለፈው ዓርብ ልጄን እንደ ፎቶግራፍ ድርቅ ብላ ሳያት፣ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? የሞተች መሰለኝ።»

«እሱ የደመናው ነው፣ ሐጃ።»

«ደመናውን እኔ አልወለድኩት። ቅሽርህን ጠጣ።»

ጠጣ። የዚያን ቀን በሄደበት ሁሉ ሲሳደብ ዋለ፤ ልቡ ግን ፈርቶ ነበር። ያለዚያ ጣራ ወደ ሻንጣውና ወደ ሽቦው፣ ወደዚያ ሳቅ ሊመለስ ነው።

ከዚያ ኩባንያው ራሱ አዳነው። ትልልቆች ሞኝነታቸውም ትልቅ ነውና፣ ሁለት መሐንዲሶች ላኩ። ራሳቸው ላይ የብረት ቆብ፣ ወገባቸው ላይ ገመድ። አንደኛው በስልክ እያወራ፣ ሌላው ማስቲካ እያኘከ፣ ሐዛም ታች ጫማውን ሲፈልግ እነሱ ዝም ብለው ደረጃውን ተያያዙት። አንድም የሰው ልጅ «ኧረ ተጣሩ» አላላቸውም፤ ማንም የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበማ። ጣራው ላይ የሐዛም ሚስት ሰዕዳ ጸጉሯን ዘርግታ ታጥባለች። ጩኸቷ እስከ መስጊዱ ተሰማ። ሐጃ ተቂያ የልብስ እጣቢውን በሳፋው እንዳለ ደረጃው ላይ ለቀቁባቸው፤ ሳፋውንም ጨምረው። መሐንዲሶቹ ከወጡበት ይልቅ የወረዱበት ፈጠነ። የኩባንያውን ፍጥነት መንደሩ መጀመሪያ ያየው ያን ቀን ነው።

ሐዛም ጫቱን ሳይተፋ የወገቡን ጩቤ፣ ጀንቢያውን፣ ጨበጠ። ሙኒፍ በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሙክት እየጎተተ መጣ፣ ደጃፉ ላይ አሳረደ፣ «አላወቁም ነበር» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ደንቡ ነውና ታረቁ። ጣራው ግን የቃኢድ ሆኖ ቀረ።

ምነው እዚያ ላይ በቆመ። ቃኢድ ድሉን መሸከም አቃተው። በየሱቁ በር ቆሞ የመሐንዲሶቹን አወራረድ እያሳየ ሰው አሳቀ። መርሺድን «ያ ሲም ካርድህ ጥርስ መፋቂያ ይሆናል» አለው። የካርዱን ዋጋ ጨመረ፤ ሲጠይቁት «ኩባንያው ዘንድ ሂዱዋ፣ ሳፋ ያስጨብጧችኋል» ይላል። ከሁሉ የከፋው ጣራውን መጎብኘት ተወ። የባትሪዎቹን ውሃ መሙላት፣ አንቴናውን ከጤዛ መጥረግ ሥራው ነበር፤ ማን ይወስድብኛል ብሎ ቁጭ አለ። ጁሙዓ ዓርብ ዓርብ አፏን እንደከፈተች መቅረቷ ባሰ። ሐጃ ተቂያ በሰዕዳ አፍ መልእክት ላኩበት።

«ይታገሱ በያቸው» አለ ቃኢድ። «ትዕግሥት ጀነት ያስገባል።»

ሰዕዳ ይህንን ቃል በቃል አደረሰች። ሐጃ ተቂያ ምንም አልተናገሩም። እኔ ብሆን የሳቸው ዝምታ ከሳፋው በላይ ያስፈራኝ ነበር፤ ቃኢድ ግን ሴት ዝም ስትል ተስማማች ብሎ ከሚያምኑት ወገን ነው።

አንድ የጭጋግ ቀን ከከተማ የመጣ መኪና መርሺድ ሱቅ ፊት ቆመ። አንድ ወጣት ወረደና ሱቁ ውስጥ ገብቶ ሻይ አዘዘ። ከኋላው እህቱ ወረደች፤ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ከቀሚሷ ሥር ወፍራም ቦት ጫማ፣ ትከሻዋ ላይ የመፍቻ ቦርሳ። ኢብቲሃል ትባላለች። የኩባንያው መሐንዲስ ነች። የሐዛምን ቤት ጠየቀች፣ ገባች፣ ደረጃውን ያለ ጥሪ ወጣች። ሴት ለሴት ምን ትጣራለች?

ሙኒፍ ይህንን በራሱ ጭንቅላት አሰበ ብዬ አላምንም። እጣቢው አስተምሮት ይሆናል።

ከቀትር በኋላ መርሺድ ሱቅ ጓዳ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቃኢድም መሐላቸው ነው። የልጅቷ ወንድም ጥጉ ላይ ስልኩን ይነካካል። ወሬው ከጣራው በየቤቱ ሴቶች በኩል እየተንጠባጠበ ይደርሳል።

«ሴት ልጅ አንቴና ላይ» አለ ቃኢድ። «ድስት መስሏት ይሆናል፤ ክዳን ትፈልግለታለች።»

«ሚስቴ እዚያ ነች» አለ መርሺድ። «የሰፈሩ ሴት በሙሉ እዚያ ነች አሉ። ጁሙዓን ልጅቷ ለሙከራ ባቆመችው አንቴና አውጥተዋት፣ አንድ ጊዜም ሳትደርቅ ስትስቅ ስትጫወት ነው። ሐጃ ተቂያ በደስታ ማር የፈሰሰበት ቂጣ አስጋግረው እያበሉ ነው አሉ።»

«ለመሐንዲሷ?»

«ለመሐንዲሷ። አንተን ቅሽር፣ እሷን ማር።»

ጓዳው በሳቅ ተናወጠ። ቃኢድም ሊስቅ ሞከረ። ልክ በዚያች ቅጽበት ስልኩን ቢያይ «ነሲም» የሚለው ስም የለም። የመርሺድንም ስልክ ነጠቀና አየ፤ እዚያም የለም። ከመንደሩ ሁሉ ጠፍቷል።

«ነቀለችው» አለ።

«አንቴናህን ልብስ ማስጫ አድርጋዋለች ይሆናል» አለ አንዱ።

ቃኢድ ጫቱን ተፍቶ ተነሳ። ቅያሱን ሮጠ። በሩን በእግሩ ከፈተ። በደረጃው ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ጥሪው አልነበረም፤ ለዚያች ልጅ የሚያዘጋጀውን ስድብ ነበር የሚለማመደው። የትኛውን እንደሚያስቀድም እየመረጠ በሴቶቹ ደጃፎች አለፈ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ቁጢጥ አላለም። ጣራው ላይ በሙሉ ቁመቱ ወጣ።

የመንደሩ ሴቶች እዚያ ናቸው። የመርሺድ ሚስት፣ የመምህሩ እህት፣ ሰዕዳ፣ ለሠርግ የደረሱ ልጃገረዶች፤ ጸጉር ሁሉ ተፈትቷል፣ ክንድ ሁሉ ተገልጧል። መሐላቸው ሐጃ ተቂያ ነጭ ጸጉራቸው በእርጥብ ሂና ተለስኖ፣ አንገታቸው ባዶ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ስልኩ ውስጥ ጁሙዓ አለች፤ እሷም ባዶ ራሷን፣ ፊቷ ጥርት ብሎ።

ማንም አልጮኸም። ለእንግዳ ይጮኻል።

«እማ» አለች ጁሙዓ ከማሌዥያ፣ አንድ ቃል ሳይቆረጥ፣ «ማነው ያ? ቃኢድ ነው እንዴ?»

ሐጃ ተቂያ ስልኩን በጉልበታቸው ላይ ደፉት። ሴቶቹ የተሰጣውን አንሶላ እየሳቡ ተከናነቡ። ኢብቲሃል ፊቷን ሸፍና ከአንቴናው ሥር ተነሳች። «ዕቃህን አልነካሁትም፣ ወንድሜ» አለችው ረጋ ብላ። «ባትሪህ ውሃ ጨርሶ ነው የሞተው።»

ያን ሁሉ ስድብ ተሸክሞ ወጥቶ አንዱንም ሳያራግፍ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወረደ። የማይፈልገውን ጸጉር ሁሉ አይቷልና ዓይኑን የት እንደሚጥለው አላወቀም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ሐዛም ቤት ተሰበሰቡ። ቃኢድ ጀንቢያውን ከነቀበቶው ፈትቶ ሐዛም ፊት አስቀመጠ፤ ፍረዱብኝ ማለት ነው። ሙክት ደጃፉ ላይ ታስሯል። ወንዶቹ፣ እውነት ለመናገር፣ ሊምሩት ከጅለዋል። እያንዳንዱ ሚስቱ ታይታበት ሳለ፣ ፊቱ ላይ የሚነበበው ግን ቁጣ ሳይሆን ጉጉት ነበር፤ የኩባንያው ኢንተርኔት መቼ ይጀምራል የሚል ጉጉት። እንዲህ ያለውን ክብር ውሻ አያሸተውም።

«ተናድጄ ነው» አለ ቃኢድ። «ሥራዬን የነቀለችብኝ መሰለኝ። ስንት ዓመት ወጥቼ ወርጄ አንድ ቀን ሳልጣራ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የሐጃ ተቂያ ድምፅ መጣ። «ሙክቱን ተቀብያለሁ። ጀንቢያህንም አንሳ። ጣራውን ግን ዕቃህን ልታወርድ ብቻ ነው የምትረግጠው።»

ቃኢድ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ሐጃ፣ የኩባንያውን ሰዎች እኮ ይቅር ብለዋቸዋል። እነሱም ሳይጣሩ ነው የወጡት። እነሱ በሙክት ታርቀው እኔ በምን በደሌ ነው ጣራ የምከለከለው?»

«እነሱ አያውቁም ነበር» አሉ ሐጃ ተቂያ። «አንተ ታውቃለህ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምሳሌ ሊጠቅስ ጉሮሮውን ጠረገና ተወው።

አንቴናውን ሊያወርድ የመጣ ዕለት ጭጋጉ ገልጧል። ሙኒፍ ከታች ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የኩባንያው ዕቃ መኪና ላይ ተጭኖ ይጠብቃል። ቃኢድ ገና ከቅያሱ ጀመረ፤ «አላህ፣ አላህ።» በየእርከኑ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ደግሞ ተጣራ። እንደዚያ ቀን አምርሮ ተጣርቶ አያውቅም። ድሮ ሲጣራ ከውስጥ «እለፍ፣ እለፍ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ዛሬ ደረጃው እንደ ጉድጓድ የራሱን ድምፅ ብቻ መለሰለት።

ያቺ እርከን ላይ ሲደርስ ቅሽር የለም። ሐጃ ተቂያ ግን አሉ፤ በራቸው ላይ ቆመዋል። ከራስ እስከ እግራቸው በጥቁር ተሸፍነዋል፤ ፊታቸውን፣ እጃቸውን እንኳ፣ ለባዕድ ወንድ እንደሚሸፈነው።

«ማነው?» አሉ።

ቃኢድ ደነገጠ። ድምፁን ከልጆቻቸው ድምፅ እኩል ያውቁታል። «ቃኢድ ነኝ፣ ሐጃ።»

«የትኛው ቃኢድ?»

«ቃኢድ ነሲም» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የሚያወርደው ምን እንደሆነ ትዝ አለውና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ሲሰድብበት የኖረ አፍ ለራሱ የሚሆን ስም አጣ።

«ዕቃ ለመውሰድ የመጣ ሰው ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«እለፍ» አሉ ሐጃ ተቂያ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።